ከአደጋ በኋላ «ማን?» ብቻ ሳይሆን «ለምን?» ብሎ የሚጠይቅ መሥሪያ ቤት ያስፈልገናል



ስለ ትራንስፖርት አደጋ ምርመራ ያለኝን አስተያየት በአንባቢያን ደብዳቤ ዓምድ ላይ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ከፒያሳ ተነሥቶ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል የሚወርድ ሰው ሁሉ ቴዎድሮስ አደባባይን ሳያይ አያልፍም። የሴባስቶፖል መድፍ ምሳሌ በቆመበት በዚያ ስፍራ ጧትና ማታ ታክሲው፣ አውቶቡሱና እግረኛው ይተላለፋሉ። ባለፈው ክረምት ዝናብ ባካፋበት አንድ ጧት ወደ ሥራዬ ስሄድ አንድ ሚኒባስ ታክሲ ፍሬን እምቢ ብሎት ከመንገዱ ወጥቶ አንዲት ሎተሪ አዟሪ ሴት ገጨ። ሴትዮዋ እግሯ ተሰብሮ ወደ ሐኪም ቤት ተወሰደች። የትራፊክ ፖሊስ በፍጥነት መጥቶ መንገዱን ለካ፣ በጠመኔ ምልክት አደረገ፣ የሾፌሩንም መንጃ ፈቃድ ተቀበለ። ተሰብስቦ የነበረው ሕዝብ «ጥፋተኛው ማን ነው?» እያለ ከተከራከረ በኋላ ተበተነ። ማታ ስመለስ የተሰበረው መስታወት ተጠርጎ ነበር።

በማግሥቱ ይህንኑ ለተማሪዎቼ ባጫውታቸው አንዱ ልጅ እጁን አውጥቶ «መምህር፣ ፍሬኑ ግን ለምን እምቢ አለ?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም መልስ አጣሁ። ፍሬኑ አርጅቶ ይሆን? መኪናው ቦሎ ሲለጠፍበት በእርግጥ ተመርምሮ ነበርን? ሾፌሩ ከሌሊቱ ስንት ሰዓት ጀምሮ መሪ ላይ ነበር? የመንገዱ አስፋልት በዝናብ ጊዜ ያንሸራትታልን? ይህን የጠየቀ ሰው አላየሁም፤ ፖሊሱም ቢሆን ሥራው ሕግ የጣሰውን ለይቶ ለፍርድ ማቅረብ ስለ ሆነ እንዲህ ያለውን ጥያቄ ባለ መጠየቁ አይወቀስም። የልጁ ጥያቄ ግን ከአእምሮዬ ሊጠፋ ስላልቻለ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተነሣሁ።

የልጁ ጥያቄ በአገራችን ላይ በትልቁ የቀረበበት ቀን መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ነው። በዚያን ዕለት እሑድ ከጧቱ 2 ሰዓት ከ38 ደቂቃ ላይ ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቁጥር 302 በረራ ከስድስት ደቂቃ በኋላ በቢሾፍቱ አካባቢ ቱሉ ፈራ በተባለ ስፍራ ወድቆ በውስጡ የነበሩት 157 ሰዎች በሙሉ አለቁ። አውሮፕላኑ ቦይንግ 737 ማክስ ነበር። ከዚያ በፊት አምስት ወር እንኳ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ፣ በጥቅምት 2011 ዓ.ም.፣ ይኸው ዓይነት አውሮፕላን በኢንዶኔዥያ ባሕር ላይ ወድቆ 189 ሰዎች ሞተው ነበር።

የእኛ አገር መርማሪዎች ወዲያው ሥራ ጀመሩ። የአውሮፕላኑ መቅጃ ሣጥኖች ወደ ፈረንሳይ ተልከው በዚያ አገር የአደጋ ምርመራ መሥሪያ ቤት ተነበቡ። መጋቢት 26 ቀን የጊዜው የትራንስፖርት ሚኒስትር ክብርት ወይዘሮ ዳግማዊት ሞገስ የመጀመሪያውን ሪፖርት ለዓለም ጋዜጠኞች ሲያስታውቁ፣ አብራሪዎቹ ፋብሪካው ያዘዘውን ደንብ ደጋግመው ቢፈጽሙም አውሮፕላኑን ሊቆጣጠሩት እንዳልቻሉ ገለጹ። ከአፍንጫው ጎን ያለ አንድ መለኪያ የተሳሳተ ቁጥር ስለ ሰጠ፣ በዚያ መለኪያ ብቻ የሚመራ አንድ አውቶማቲክ መሣሪያ የአውሮፕላኑን አፍንጫ እየደጋገመ ወደ መሬት ይገፋ እንደ ነበር ታወቀ። የመሣሪያው ሥራ ቀድሞ ለአብራሪዎች በሚገባ እንዳልተገለጸላቸውም በኋላ ተረጋገጠ። በመላው ዓለም ይህ ዓይነት አውሮፕላን ከመብረር ታግዶ ብዙ ወራት ቆመ። የአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴም እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ሪፖርት ፋብሪካውን ብቻ ሳይሆን ፋብሪካውን መቆጣጠር የነበረበትን የራሱን አገር የአቪዬሽን መሥሪያ ቤት ጭምር ነቀፈ፤ ተቆጣጣሪው የቁጥጥሩን ሥራ በከፊል ለተቆጣጣሪው ባለጉዳይ ለራሱ ለፋብሪካው አሳልፎ ሰጥቶ ነበርና።

እስከዚህ ድረስ የእኛ መርማሪዎች ለዓለም ተጓዥ ሁሉ ባለውለታ ናቸው ብል ማጋነን አይሆንም። ነገር ግን የመጨረሻው ሪፖርት በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ሲወጣ ሌላ ነገር ተከተለ። የአሜሪካና የፈረንሳይ የምርመራ መሥሪያ ቤቶች አውቶማቲክ መሣሪያው ለአደጋው ምክንያት መሆኑን ተቀብለው፣ ስለ አብራሪዎቹ አሠራርና ስለ ሥልጠናቸው የጻፍነው በበቂ አልተመረመረም፣ አስተያየታችንም እንደ ደንቡ በሪፖርቱ ውስጥ አልገባም ሲሉ ቅሬታቸውን በየበኩላቸው አሳተሙ። መለኪያው የተበላሸበትን ምክንያት የእኛ ሪፖርት የፋብሪካ ጉድለት ነው ሲል፣ አሜሪካኖቹ ምናልባት ወፍ መትቶት ነው አሉ።

በዚህ ክርክር ላይ ፍርድ መስጠት የእኔ ሥራ አይደለም። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። አንድ የውጭ አገር ሰው፣ አየር መንገዱ የመንግሥት ንብረት ነው፤ አደጋው ሲደርስ መርማሪው ቢሮ የትራንስፖርት ሚኒስቴር አካል ነበር፤ የመጀመሪያውን ሪፖርት ያነበቡትም ሚኒስትሯ ናቸው፤ ታዲያ መርማሪው በአየር መንገዱ ላይ ጉድለት ቢያገኝ ኖሮ ይናገር ነበርን? ብሎ ቢጠይቀን ምን እንመልሳለን? መርማሪዎቹ እውነተኞች ናቸው ብንል አንዋሽ ይሆናል። ነገር ግን ሰውየው የጠየቀን ስለ መርማሪዎቹ ጠባይ ሳይሆን ስለ መሥሪያ ቤቱ አቋም ነው። ለዚህ ጥያቄ የሰው ጠባይ መልስ አይሆነውም።

ነገሩን ገልብጠን እንየው። ጥር 17 ቀን 2002 ዓ.ም. ከቤይሩት ወደ አዲስ አበባ የተነሣው የአየር መንገዳችን ቁጥር 409 በረራ ባሕር ውስጥ ወድቆ 90 ሰዎች ሞቱ። ምርመራውን ያደረገው የሊባኖስ መንግሥት ሲሆን በ2004 ዓ.ም. ያወጣው ሪፖርት ምክንያቱን በአብራሪዎቹ አያያዝ ላይ ጣለው። አየር መንገዳችን ግን ሪፖርቱ ሚዛናዊ አይደለም፣ አውሮፕላኑ በአየር ላይ ፈንድቷል ሲል ሳይቀበለው ቀረ። በ2004 ዓ.ም. እኛ የሌላውን ሪፖርት አላመንንም፤ በ2015 ዓ.ም. ሌላው የእኛን በሙሉ አላመነም። መታመን የሚፈልግ ሁሉ መርማሪው ከማንም ወገን ያልሆነ እንዲሆን መመኘት እንዳለበት ከሁለቱ ታሪኮች መረዳት ይቻላል።

መንግሥት የራሱ አየር መንገድ ባለቤት ሆኖ ሳለ መርማሪውን ከሥሩ ሲያኖር ምን እንደሚደርስ ኒውዚላንድ በመራራ ዋጋ ተምራለች። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1979 የዚያ አገር የመንግሥት አየር መንገድ አውሮፕላን በአንታርክቲካ ኤሬቡስ ከተባለ ተራራ ጋር ተጋጭቶ 257 ሰዎች አለቁ። በትራንስፖርት ሚኒስቴር ሥር የነበረው ዋና መርማሪ ጥፋቱን በአብራሪው ላይ አደረገ። ነገር ግን ሕዝቡ ስላላመነ ዳኛ ፒተር ማሆን ተሹመው እንደገና ሲመረምሩ፣ አየር መንገዱ የበረራውን መሥመር በሌሊት ለውጦ ለአብራሪዎቹ ሳይነግራቸው መቅረቱን አገኙ፤ ኃላፊዎቹም ይህን ለመሸፈን ተባብረዋል ሲሉ ጻፉ። የጊዜው ጠቅላይ ሚኒስትር ሮበርት ማልዱን የዳኛውን ሪፖርት አልተቀበሉትም። ሪፖርቱ በምክር ቤት የቀረበው ከብዙ ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ መንግሥትም የሟቾቹን ቤተ ሰብ ይቅርታ የጠየቀው አደጋው በደረሰ በ40ኛው ዓመት ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ነገር ግን አባቱን ያጣ ልጅ እስኪያረጅ ድረስ እውነቱ ሳይጠራ መቆየቱ ቀላል ግፍ አይደለም። ኒውዚላንድ እ.ኤ.አ. በ1990 ራሱን የቻለ የትራንስፖርት አደጋ መርማሪ ኮሚሽን ያቋቋመችው ይህን ሁሉ አይታ ነው።

አሜሪካም እንዲሁ ናት። የአደጋ መርማሪ ቦርዷ እ.ኤ.አ. በ1967 ሲቋቋም ከትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ ጋር የተያያዘ ነበር። ሰባት ዓመት ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1974 በወጣ ሕግ ከዚያ ተለይቶ ለብቻው ቆመ፤ መንገድ የሚሠራው፣ አውሮፕላን የሚፈቅደውና ባቡር የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ራሱ ጥፋተኛ ሊሆን ስለሚችል፣ የበታቹ የሆነ መርማሪ አለቃውን ሊመረምር አይችልም ተብሎ ነው። ይህ ቦርድ ማንንም አይቀጣም፣ ማንንም አያዝም። ምክሩን ብቻ ይሰጣል፤ ነገር ግን ምክሩ የደረሰው የትራንስፖርት ሚኒስቴር በ90 ቀን ውስጥ ተቀብያለሁ ወይም አልተቀበልኩም፣ ምክንያቴም ይህ ነው ብሎ በጽሑፍ መመለስ አለበት። የቦርዱም ሪፖርት በካሣ ክስ ማስረጃ ሆኖ ፍርድ ቤት እንዳይቀርብ ሕጉ ይከለክላል።

ይህን የመጨረሻውን ነገር ብዙ ሰው ይደነቅበታል። ጥፋተኛን ለመያዝ የማይረዳ ምርመራ ምን ይጠቅማል? ይላል። እኔ ይህን የተረዳሁት በሕፃንነቴ በተማርኩበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። አንድ ቀን በክፍላችን የነበረው ትልቅ ፋኖስ ተሰብሮ ተገኘ። አንዱ መምህር አርጩሜ ይዘው ገብተው «ማን ሰበረው?» ሲሉ አርባ ልጅ እንደ ድንጋይ ዝም አልን። በማግሥቱ ሌላው መምህር ገብተው «ማንም አይመታም፤ እንዴት እንደ ተሰበረ ብቻ ንገሩኝ» ሲሉ አምስት ልጆች በአንድ ጊዜ ተናገርን፤ ፋኖሱ የተሰቀለበት ምስማር ከላላ ወር አልፎት ነበር። ምስማሩ ተጠበቀ፤ ከዚያ በኋላ ፋኖስ አልተሰበረም። በመጀመሪያው መንገድ ቢሄድ ኖሮ አንድ ልጅ ተገርፎ ምስማሩ እንደ ላላ ይቀር ነበር።

የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ስምምነትም ሐሳቡ ይኸው ነው። ይህ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1944 በቺካጎ የተፈረመ ሲሆን ኢትዮጵያም ከፈራሚዎቹ አንዷ ናት። የስምምነቱ 13ኛ አባሪ የምርመራ ብቸኛ ዓላማ የወደፊት አደጋን መከላከል መሆኑን፣ በደለኛ ለይቶ ካሣ ማስከፈል የሌላ አካል ሥራ መሆኑን ይደነግጋል። መርማሪው ባለሥልጣን ከአቪዬሽን ተቆጣጣሪውና ሥራውን ሊያደናቅፍ ከሚችል ከማናቸውም ወገን ነፃ እንዲሆንም ያዛል። እንግዲህ ነፃነቱን የምንጠይቀው አዲስ ነገር ፈልገን ሳይሆን የፈረምነውን ስምምነት አስታውሰን ነው።

አሁን ከሰማይ ወደ ምድር ልመለስ። በአውሮፕላን የሚሄደው ሰው ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ሕዝባችን የሚጓዘው፣ የሚሞተውም በመንገድ ነው። ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም. በሲዳማ ክልል በቦና ዙሪያ ወረዳ ሰርገኞችን የጫነ የጭነት መኪና ድልድይ ስቶ ወንዝ ገብቶ 71 ሰዎች ሞቱ። ሐዘኑ ሰማይ ነካ፣ መግለጫም ወጣ። ነገር ግን ሰው በጭነት መኪና የሚጓዘው ለምን እንደ ሆነ፣ ከድልድዩ በፊት ያለው መንገድ ለነጂ ምን ያህል አመቺ እንደ ሆነ፣ በአካባቢው ሌላ መጓጓዣ መኖር አለመኖሩ ተመርምሮ፣ ሌላው ወረዳ እንዲማርበት የታተመ መጽሐፍ በየመሥሪያ ቤታችን መደርደሪያ ላይ አላየንም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ከአደጋ በኋላ ጩኸታችን ብዙ ነው፤ የሚቀጥለውን ጅብ ግን አያግድም።

ቀድሞም ቢሆን ከዚህ አልተሻልንም። ጥር 6 ቀን 1977 ዓ.ም. በአዋሽ አጠገብ ባቡር ከሐዲድ ወጥቶ ገደል ገብቶ ከ400 በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ ነጂው በመታጠፊያው ላይ ፍጥነት አልቀነሰም ተብሎ መታሰሩ ተነገረ። አንድ ሰው ተሳስቶ ከ400 በላይ ሰው እንዲያልቅ ያደረገው አሠራር ግን ምን ነበር? ዛሬ ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ በኤሌክትሪክ የሚሄድ የባቡር መሥመር አለን፤ በከተማችንም ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ቀላል ባቡር ይሄዳል፣ አንዱ መሥመርም እዚሁ አራዳ ምኒልክ አደባባይ ድረስ ይደርሳል። ጥያቄው ያረጀ አይደለም።

የመንገድ ሟቾችን ቁጥር እንኳ በትክክል አናውቅም። ለ2016 እ.ኤ.አ. መንግሥት ያስመዘገበው ከ4,000 ጥቂት የሚበልጥ ሲሆን፣ የዓለም ጤና ድርጅት ግምት ግን ከ25,000 በላይ ነበር። ልዩነቱ የአንድ ትንሽ ከተማ ሕዝብ ያህላል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ ያልቆጠረውም እንዲሁ ነው።

ስለዚህ መንግሥት ከእንዲህ ያለ መሥሪያ ቤት ምን መጠበቅ አለበት? እንደ እኔ አስተሳሰብ ብዙ ነገር ሊጠብቅ ይገባዋል፤ ነፃነት ማለት ልቅነት አይደለምና። ገንዘቡን በቁጠባ እንዲያወጣ፣ ምርመራውን በተወሰነ ጊዜ እንዲጨርስ፣ የሚመለከታቸውን ወገኖች ሁሉ ሰምቶ የተቃወሙትንም ሐሳብ በሪፖርቱ እንዲያትም፣ በመካከሉ ወሬ እንዳያወጣ፣ የሚሰጠውም ምክር በአገራችን አቅም ሊፈጸም የሚችል እንዲሆን መጠበቅ ይገባል። አንድ ነገር ግን መጠበቅ አይገባውም፤ ይኸውም ደስ የሚል መልስ ነው። «አጥፊው አንተ ነህ» ለማለት የማይችል መርማሪ «አጥፊው አንተ አይደለህም» ሲል የሚያምነው የለም። ነፃነቱ ለመንግሥት ራሱ የሚጠቅመው በዚህ ምክንያት ነው።

በበኩሉ መንግሥት አራት ነገሮችን እንዲያደርግ በትሕትና አሳስባለሁ። አንደኛ፣ መርማሪው ተጠሪነቱ አውሮፕላን፣ ባቡርና መንገድ ለሚያስተዳድር ሚኒስቴር ሳይሆን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይሁን። ይህም እንግዳ ነገር አይደለም፤ የፌዴራሉ ዋና ኦዲተር የሚሾመውም ሪፖርቱን የሚያቀርበውም ለዚሁ ምክር ቤት ነው። ስለ ገንዘብ ያወቅነውን ስለ ነፍስ ለምን እንረሳዋለን? ሁለተኛ፣ ሥራው አየር ላይ ሳይወሰን ባቡርንና ከባድ የመንገድ አደጋን ያጠቃልል። ሦስተኛ፣ ለመርማሪ የተሰጠ ቃል በሰጪው ላይ ማስረጃ እንዳይሆን በሕግ ይጠበቅ፤ ፖሊስና ዓቃቤ ሕግ የራሳቸውን ምርመራ ለብቻ ያድርጉ። አራተኛ፣ ሪፖርቱ ሁሉ በአማርኛና በሌሎችም የሥራ ቋንቋዎች ይታተም፤ ምክሩ የደረሰው መሥሪያ ቤትም በተወሰነ ቀን በጽሑፍ ይመልስ፣ መልሱም ይታተም።

አንዳንድ ሰዎች አገራችን ድኃ ናት፣ ለአዲስ መሥሪያ ቤት ገንዘብ ከወዴት ይመጣል? ይሉ ይሆናል። መልሴ አጭር ነው። መሥሪያ ቤቱ የአደጋውን ሁሉ ብዛት ይመርምር አላልኩም፤ ከዓመቱ አደጋ ብዙ ትምህርት የሚገኝባቸውን ጥቂቶቹን መርጦ እስከ ሥሩ ቢቆፍር ይበቃል። መሐንዲስና ሐኪም ከዩኒቨርሲቲዎቻችን በውሰት ሊገኝ ይችላል። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ወጪ ግን አሁን የምንከፍለው ነው፤ አንድ አባወራ በሞተ ቁጥር ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲወጡ እኔ በስም መጥሪያ መዝገቤ ላይ አየዋለሁ።

እኛም የመንግሥት ሠራተኞች ከወቀሳ ነፃ አይደለንም። መኪናውን ሳያይ ቦሎ የሚሰጥ፣ ተማሪው መሪ ሳይዝ መንጃ ፈቃድ የሚያጸድቅ፣ የተበላሸ የመንገድ ምልክት እያየ «የእኔ ክፍል ሥራ አይደለም» ብሎ የሚያልፍ ከመካከላችን ይገኛል። ነፃ መርማሪ ሲመጣ ከሁሉ አስቀድሞ የእኛን ጠረጴዛ ያንኳኳል። ልንፈራው አይገባም፤ የላላውን ምስማር ሊያሳየን ነውና።

የሎተሪ አዟሪዋ ከሦስት ወር በኋላ በምርኩዝ ወደ ቦታዋ ተመልሳለች። ሾፌሩም ቅጣቱን ከፍሎ ወደ ሥራው ተመልሷል ሲሉ ሰምቻለሁ። ታክሲዎቹም እንደ ወትሮው ከፒያሳ ወደ ታች ይወርዳሉ። ፍሬኑ ለምን እምቢ እንዳለ ግን እስከ ዛሬ የነገረን የለም፤ ተማሪዬም መልሱን ይጠብቃል።



አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከቴዎድሮስ አደባባይ፣ አራዳ፣ አዲስ አበባ